ከኮርቻ መደላድል እስከ መኪና ምንጣፍ፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ የመንገደኛ ምቾት ታሪክ

በደቡብ ጎንደር ደጋ መንኮራኩር ሳይታወቅ፣ መንገደኛውን ከመንገጫገጭና ከብርድ የሚያሳርፈው ነገር ሁሉ በበቅሎ ጀርባ ላይ ነበር። ኮርቻው የእንስሳዋን ጀርባ እንዳይልጠው ከሥሩ መደላድል ይገባል፤ ከላዩ ደግሞ እንደ ባለቤቱ አቅም አጎዛ ወይም ያጌጠ ግላስ ይለብሳል። ላብ ጠጥቶ ሳይደርቅ በማግስቱ የተጫነ መደላድል በቅሎዋን ገጣባ ያደርጋታል፤ ገጣባ በቅሎ ደግሞ ከጉና ማዶ አታደርስም። ስለዚህ መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ ማታ ሰፈር ሲይዝ ጭነቱን አራግፎ መደላድሉን ንፋስ ያስመታል። ከብዙ ዘመን በኋላ መኪና በዚሁ አገር ያመጣው ጣጣ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ላይኛው ጨርቅ ለዓይን ይመረጣል፤ ዕድሜውን የሚወስነው ግን ከሥሩ ያለው መደላድልና እሱ የሚይዘው ውሃ ነው።

በቤት ውስጥም የምንጣፍ ደረጃ የታወቀ ነበር። ድሃው በመደብ ላይ ቁርበት ዘርግቶ ይተኛል፤ ኑሮ ደህና ያደረገለት ጀንዲ አለው፤ እንግዳ ሲመጣ አጎዛ ይነጠፋል፤ ስጋጃ የመኳንንቱና የቤተ ክርስቲያኑ ነው። በጣና ዳር፣ በፎገራ ሜዳ ደንገል ስለማይጠፋ ሰው ቄጠማና ደንገል ይጠቀማል። ወደ ፋርጣ፣ ወደ እስቴና ወደ ጋይንት ሲወጣ ግን ብርዱ ስለሚበረታ ቆዳና ሱፍ ያስፈልጋል። ደብረ ታቦር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው።

ሱፉ የሚመጣው ከዚያው ከጉና ዙሪያ ነው። የፋርጣ በግ የሚባለው ዝርያ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ጸጉሩ ሻካራ ሲሆን ብርድ ይችላል። ሱፉ ተሸልቶ፣ ታጥቦና ተባዝቶ በሴቶች እጅ ይፈተላል፤ ሸማኔው በጉድጓድ መሸመኛው ይሠራዋል። ከዚያ የሚወጣው በርኖስ፣ ባና ወይም ዝተት ነው። በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሽመናውን ቢሆንም፣ ጨርቁን ጨርቅ የሚያሰኘው ከሽመናው በኋላ ያለው ነው። ከሸማኔው የወጣው ጨርቅ ሳሳ ያለ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ቀዳዳ ቀዳዳው የሚታይ ነው። ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ሲረገጥ የሱፉ ክሮች እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፤ ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይወፍራል፣ ክሩ ከክሩ የማይለይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቶሎ አያልፈውም፤ ንፋስም አይበሳውም። ሳይታሰብ የተገኘ ሌላም ጠባይ አለው፦ ድምፅ ይውጣል። የአውሮፓ መኪና ሠሪዎች ከወለል ምንጣፍ ሥር የሚያደርጉት ወፍራም የሱፍና የቃጫ ድርብ የሚሠራው በዚሁ በመቆላለፍ ሥርዓት ነው፤ የሚያቆላልፈው እግር ሳይሆን ማሽን ከመሆኑ በቀር።

ደብረ ታቦር የመኳንንት መቀመጫ በመሆኗ እነዚህ ሙያዎች በዙሪያዋ ተሰበሰቡ። ከተማዋን ከየጁ መሳፍንት ራስ ጉግሣ እንደመሠረቷት ይነገራል፤ ከእሳቸው በኋላ እስከ ራስ ዓሊ ድረስ የመሳፍንቱ መዲና ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ትተው የከተሙባት፣ ዐፄ ዮሐንስም በተደጋጋሚ የሰፈሩባት ናት። ሠራዊት ያለበት ቦታ ኮርቻ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ አይጠፋም። እነዚህ ባለሙያዎች ከኅብረተሰቡ ያገኙት ግን ክብር ሳይሆን ንቀት ነበር፤ ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባል ነበር። ወደ ጋፋት የሚወስደው ታሪክ ከዚህ ንቀት ጋር አብሮ ካልታየ ትርጉሙ ይጎድላል።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ሠፈር ናት። ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ከአውሮፓ የመጡትን የወንጌል ሰባኪ ባለሙያዎች፣ ከነሱም ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ሳልሙለርን፣ እዚያ አስፍረው ያንኑ የተናቀ የእጅ ሥራ እንዲያስተምሩና መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። ከሥራዎቻቸው ትልቁ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። መድፉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለዚህ ታሪክ ግን የሚበልጠው ከሥሩ የነበረው ሠረገላ ነው። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት ያንኑ ዓመት መጋቢት ሲሆን፣ ስድስት ወር ገደማ የፈጀው ጉዞ በአብዛኛው የመንገድ ሥራ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ሠራዊቱ ገደል እየቆረጠ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ገመድ እየሳበ ሠረገላዎቹ በጋይንት በኩል ወደ ጅጣና ወደ በሽሎ ሸለቆ ወረዱ። በዚህ ደጋ ለመንኮራኩር ተብሎ የተጠረገ መንገድ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ይኸው ነው። የሠረገላው እንጨት በድንጋይ ላይ ሲንኳኳ የሚያለዝበው መደላድል አልነበረውም፤ ጭነቱ ብረት ስለነበር የሚያማርር መንገደኛም አልነበረም። ቴዎድሮስ ሲያልፉ መንገዱ በክረምት ጎርፍ ተበላ፤ መንኮራኩርም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወደ አካባቢው አልተመለሰም።

በአዲስ አበባ መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሊ ያመጣትን መኪና ምኒልክ ተሳፍረውባታል። ደብረ ታቦር ግን መንገድ ስላልነበራት ይህ ወሬ ብቻ ሆኖ ቆየ። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከዘውዱ ጋር ተጣልተው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ሲዋጉ፣ ከአዲስ አበባ የተላኩ አውሮፕላኖች በራሪ ወረቀትና ቦምብ ጣሉባቸው፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ጦርነት ወደቁ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ከዘመተው ሠራዊት ብዙው ሰው ሞተር ሲጮኽ መጀመሪያ የሰማው ከሰማይ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከዚያ ወዲያ የመጣው የጣልያን ወረራ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው በመኪና በተጓዘ ጦር ነበር፤ ከያዘም በኋላ ጎንደርን ከደብረ ታቦርና ከደሴ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መሄጃ አበጀ። መሄጃው ለወታደር ካሚዮን የተሠራ ሻካራ ፒስታ ቢሆንም ዋጋው ብዙ ነበር፤ በኅዳር 1934 ዓ.ም. በቁልቋል በር የተደረገው ከባድ ውጊያም ይህንኑ ወደ ጎንደር የሚያስገባ በር ለመያዝ የተደረገ ነው። ጣልያን ሲወጣ የተሰባበሩ ካሚዮኖች፣ ጋራዦችና መካኒኮች ቀሩ። ጎሚስታው፣ ባትላሜራው፣ ኮፈኑና ቸርኬው እስከ ዛሬ በየጋራዡ የሚጠሩት በዚያው ስማቸው ነው።

በዚያ ዘመን ስለ ምቾት ማውራት ቅንጦት ነበር። ከ1940ዎቹ እስከ 1960ዎቹ ዕቃም ሰውም የሚጓጓዘው በአብዛኛው በጭነት መኪና ሲሆን፣ ከሁሉ ስሟ የገነነው ፊያት 682 ናት፤ ሾፌሮች «ኤንትሬ» ይሏታል። ሞተሯ የተቀመጠው ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በተሳፋሪው መካከል ነው። በብረት ክዳን ይሸፈናል እንጂ ጩኸቱም ትኩሳቱም እዚያው ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ከረዳቱ ጋር የሚነጋገረው በጩኸት ነው፤ በጆሮ ላይ የሚተርፈው ጉዳት ያኔ ከሙያው ጋር አብሮ የሚመጣ ተደርጎ ይታይ ነበር። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ በክዳኑ ላይ ብርድ ልብስ ደራርቦ ማልበስ። በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን የሱፍ ፋብሪካ ርካሽና ወፍራም ብርድ ልብስ ሲያመርት ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎትም ተመቸ። ሱፍ በቶሎ እሳት አይያዝም፤ የሚቀጣጠለው ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ከሞተር አጠገብ ከጥጥም ከስፖንጅም ይሻላል። ሾፌሩ ይህን ከመጽሐፍ አላነበበም፤ ስፖንጅ ሲቀልጥና ሱፍ ሲጠቁር አይቶ ነው።

ትንንሾቹ መኪኖች የመጡት ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ ሐኪሙና መምህሩ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄዱት በላንድሮቨር፣ በፔጆ 404 እና በቮልስ ነበር። ፊያት 600 ግን ከከተማ ብዙም አልራቀችም። ፋብሪካዎቹ የእያንዳንዳቸውን ወለል ያለበሱት በየራሳቸው ልማድ ነው፤ ዛሬ አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው የሚከራከረውም በዚህ ላይ ስለሆነ ልዩነቱን ማወቁ ይጠቅማል። ላንድሮቨር ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራ መኪና በመሆኑ ወለሉ ባዶ አሉሚኒየም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከላዩ ጎማ ምንጣፍ ብቻ ይጣላል። ውሃ ሲገባ በባልዲ አጥቦ ማውጣት ይቻላል፤ የማርሽ ሳጥኑ ጩኸት ግን ለተሳፋሪው ሳይቀነስ ይደርሰዋል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ውሃ ከለላ የማይሆንለት የራሱ የሆነ ደረቅ ጩኸት አለው። ፋብሪካው ይህን ለማብረድ በኋላ ወንበር ጀርባና በሞተሩ ቤት ግድግዳ ላይ ሬንጅ የጠጣ ካርቶንና የቃጫ ንጣፍ ለጠፈ፤ ከፊት ጎማ ምንጣፍ አነጠፈ፤ በግራና በቀኝ ጎን ደግሞ ጸጉሩ አጭር የሆነ ሻካራ ሞኬት አለበሰ። በደርግ ዘመን የገባው ላዳ ወለሉ ላይ ሬንጅ መሰል ወፍራም ንጣፎች ተጣብቀውበት ስለመጣ በር ሲዘጋ ድምፁ የደነቆረ ነው። አብረውት የመጡት የወታደር ዋዞች ግን ሸራ ለብሰው በየመንገዱ ሲንቋቁ ይሰሙ ነበር። የቤተ መንግሥቱ መኪኖች ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ዓለም ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ከሚታዩት የንጉሠ ነገሥቱ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሮጌ መኪኖች መካከል የእንግሊዞቹ ቅንጡ መኪኖች ይገኙበታል፤ እንግሊዞች እንደነዚህ ላሉት መኪኖች ከወፍራም ድርብ ላይ ጸጉሩ የተቆረጠ የሱፍ ሞኬት አነጥፈው፣ ዳሩን በቆዳ ይጠልፉት ነበር።

ለደቡብ ጎንደር ትልቁ ለውጥ የመጣው ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልዲያ በሚደርሰው መንገድ ነው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ይህን ጠጠር መንገድ የቻይና ባለሙያዎች ስለሠሩት ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ከአብዮቱ በኋላ ባሉት ዓመታት የተገነባው መንገድ ኋላ ላይ አስፋልት እስኪለብስ ድረስ ለመኪና ሁለት ፈተና ነበረው። በበጋ ጠጠሩ ከጎማ እየተፈናጠረ የወለሉን ላሜራ ከሥር ይደበድባል፤ አቧራው በየበሩ ጎማ ስንጥቅ ይገባና ምንጣፉን በዱቄት ይሞላዋል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ አለ፤ ደብረ ታቦር በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ነው።

ከመኪና ወለል ጠላቶች ሁሉ የከፋው ይህ ዝናብ ነው። ውሃው የሚገባው ባልተጠበቀ በኩል ነው፤ በደረቀ የመስታወት ጎማ፣ በበር ሥር በተደፈነ የውሃ መውጫ ቀዳዳ፣ ከተሳፋሪ ጫማ ጋር። ጎማ ምንጣፉ ከላይ ደረቅ ይመስላል። ሲገለጥ ግን ከሥሩ ያለው የቃጫ ንጣፍ ጠቁሮ፣ ሲጨምቁት ቡናማ ውሃ ያወጣል፤ በጣት ሲነሣ እንደ ረጠበ እንጀራ ይቆራረጣል። ላሜራው ላይ የነበረው ቀለም አብሮ ይነሣል፤ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ ዝገቱ ይፈረፈርና መሬት ይታያል። በቮልስ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለተቀመጠ የሚያፈሰው አሲድ ውሃው የጀመረውን ይጨርሰዋል። በየጋራዡ ቆመው የሚታዩት አሮጌ ቮልሶች ብዙዎቹ ሞተራቸው ደህና ሆኖ ወለላቸው የተበላ ነው። ፋብሪካው ድምፅ ለመዋጥ ያስቀመጠው ነገር ለእርጥበት አገር አልታሰበም ነበር፤ ቃጫ ርካሽና ለስላሳ ነው፤ ውሃ ሲነካው ግን ይበሰብሳል።

የአገሬው ባለሙያ ለዚህ የሰጠው መልስ ከዘመን ዘመን ተለዋውጧል። በመጀመሪያ ዕቃ ስላልነበረ የተገኘው ሁሉ ይነጠፋል፦ ጆንያ፣ የተቀደደ ብርድ ልብስ፣ የጎማ ካልማዳሪ ቁራጭ። ቀጥሎ ለቤት ወለል የሚመጣው ፕላስቲክ ምንጣፍና ሞኬት ወደ መኪናው ገባ። ይህ ሞኬት በአብዛኛው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ በቀላሉ ይታጠባል። ነገር ግን ጀርባው ደረቅ ስለሆነ በማርሽ ሳጥኑ ጉብታ ላይ ሲያጥፉት ይሰነጠቃል ወይም ይቆማል፤ ለጠፍጣፋ ሳሎን የተሠራ ነውና። ከሥሩ ደግሞ ለወንበር የሚሆነው ስፖንጅ ይገባል። ለድምፅ መጠነኛ ጥቅም አለው፤ ለእርጥበት ግን ከቃጫው የባሰ ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ውሃ ጠጥቶ ለወራት ያቆያል። በሕዝብ ማመላለሻዎች ልማዱ ወደ ላይም ወጣ። ዳሽቦርዱን ጸጉራም ጨርቅ ማልበስ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ማንጠልጠል፣ ከጣሪያው ሥር ቀለም ያለው ሌዘር መስፋት የተለመደ ሆነ። ለዓይን ብዙ ነገር ተደረገ፤ ለጆሮ ግን ብዙም አልተደረገም። በአይሱዙ ሻሲ ላይ በአገር ውስጥ የሚሠራው «ቅጥቅጥ» አውቶቡስ በጠጠር ላይ ሲሮጥ አካሉ ሁሉ የሚያወጣውን ድምፅ የተሳፈረበት ሁሉ ያውቀዋል።

የላሜራ ድምፅ ምንነት ለደብረ ታቦር ሰው እንግዳ አይደለም። የሣር ክዳን ቤት በቆርቆሮ ሲተካ በሐምሌ ዝናብ ከቤት ውስጥ መነጋገር አስቸጋሪ ሆነ፤ ሰዉም አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ሠራ። ኮርኒሱ ጩኸቱን ቢቀንስም አያጠፋውም፤ ቆርቆሮው አሁንም ይንቀጠቀጣልና። በቆርቆሮው ላይ ሣር የጫነ ቢኖር ግን ንቅናቄው ራሱ ይቆማል። የመኪናም ጉዳይ በዚሁ ይከፈላል። አንደኛው ሥራ የላሜራውን ንቅናቄ ማፈን፣ ሁለተኛው በአየር የሚመጣውን ድምፅ መከለል፣ ሦስተኛው ያለፈውን መዋጥ ነው። አንድ ዕቃ ሦስቱን አይሠራም፤ በገበያ ላይ «ድምፅ ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጠው በአብዛኛው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይሠራል። ሞኬት የሚውጠው ቀጭኑን ጩኸት ነው፤ የወለሉን ወፍራም ጉምጉምታ አይነካውም። ጉምጉምታውን ሳይቀንሱ ሞኬት የሚያወፍሩ ባለቤቶች ገንዘባቸውን ለውበት ያወጡ መሆኑን ቢያውቁት ጥሩ ነበር።

ለማፈን የሚያገለግለው ላሜራው ላይ በቀጥታ የሚለጠፍ ከባድና ተጣባቂ ነገር ነው። ጥንታዊው ሬንጅ ነው፤ አንዳንድ ሰው ዛሬም ለጣሪያ የሚሆነውን የሬንጅ ንጣፍ ይጠቀማል። በደብረ ታቦር ብርድ ይህ ችግሩን አያሳይም። መኪናው ወደ መተማ ሲወርድ ወይም በዓባይ በረሃ ሲያልፍ ግን ሬንጁ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ከበርና ከጣሪያ ላይ ይንሸራተታል። አሉሚኒየም የለበሰው የቡቲል ጎማ ንጣፍ ዋጋው ቢከብድም አይቀልጥም፣ አይሸትም፤ በብርድም አይሰነጠቅም። ላሜራውን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፤ ከገጽታው ሩቡን ያህል፣ በተለይ መሐል መሐሉን፣ ቢሸፍን ንቅናቄው በአብዛኛው ይሞታል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ክብደት ነው። ቮልስን የመሰለ ትንሽ ሞተር ያለው መኪና ይህን ክብደት በጉና ዳገት ላይ ይከፍለዋል። ባለሙያው የት እንደሚለጥፍ የሚያውቀው በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ነው፤ የሚጮኸው ቦታ ንጣፍ ይፈልጋል፤ ደንቆሮ ድምፅ የሚሰጠው አይፈልግም። የጎድን ቅርጽ ያለው፣ የታጠፈው፣ የተበየደው ሁሉ በራሱ ደንቆሮ ስለሆነ ይዘለላል።

ከዚህ በላይ ለወለል የሚሆነው መደላድል ውሃ የማይጠጣ፣ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ያልተገናኙ ፎም ነው። በአሮጌ መኪና ላይ የቀድሞው ንጣፍ ሲነሣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ የድሮ መኪኖች ከሞተሩ ግድግዳ ጋር የነበረው ንጣፍ አስቤስቶስ አለበትና በደረቁ መፋቅና መጥረግ ለሳንባ አደገኛ ነው። ላሜራው ታይቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ የተበላው ተቆርጦ ተበይዶ፣ ፀረ ዝገት ሳይቀባ ምንም ነገር ሊለጠፍበት አይገባም። በዝገት ላይ የተለጠፈ ቡቲል ዝገቱን ከዓይን ይደብቃል እንጂ አያቆመውም።

ላይኛው ሞኬት የመኪናውን ዘመንና አገር ሊመስል ይገባል። የጀርመን መኪኖች አጭርና ያልተቆረጠ ቀለበት ያለው ሞኬት ይስማማቸዋል፤ የእንግሊዝ መኪኖች ጸጉሩ የተቆረጠ ይወዳሉ፤ አሜሪካኖቹ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ የሬዮንና የናይለን ቅልቅል ቀለበታም ሞኬት ያነጥፉ ነበር። ላንድሮቨርን ሞኬት ማልበስ ግን ታሪኩን መካድ ነው። ለወለሉ ጎማ ይበቃዋል፤ ድምፁን ለመቀነስ ከተፈለገ የማርሽ ሳጥኑን ክዳን ብቻ ከሥሩ ማፈን ይሻላል። ቮልስም ከፊት ጎማ፣ ከጎን ሞኬት ሆና ነው የተወለደችው። ከ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በኋላ ያገለገለ መኪና ማስገባት እጅግ ተወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀድሞ ለጥገና የማይታሰብለት የቮልስ ወለል ዛሬ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካል።

ሱፍ ለዚህ ሥራ ከሌላው ሁሉ የሚበልጥበት ነገር አለ። ከክብደቱ ሲሶ ያህል እርጥበት በአየር ውስጥ ካለው ጠጥቶ ሲነካ ደረቅ መስሎ ይቆያል፤ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይለቀዋል። እሳት ቶሎ አይይዘውም፤ ድምፅ ይውጣል። እንግሊዝ ለቅንጡ መኪኖቿ የመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጉድለቱ ብል ነው፤ ጨለማና ሞቃት በሆነ፣ ብዙ በቆመ መኪና ውስጥ ብል ይበላዋል። የጉና ዙሪያ ሻካራ ሱፍ ለልብስ ሲኮሰኩስ ለምንጣፍ ግን ይጠቅማል፤ ሻካራ ክር ሲረገጥ አይተኛም። በእግር የተረገጠ ወፍራም ዝተት በሞተሩ ግድግዳና በኋላ ወንበር ጀርባ፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ ቢገባ ከስፖንጅም ከቃጫም የተሻለ መዋጫ ይሆናል። በወለሉ ላይ ግን፣ ከጎማ ምንጣፍ ሥር ታፍኖ፣ እሱም ከሌላው አይሻልም፤ የተለቀቀው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ላሜራው ላይ ይተኛልና።

የመጨረሻው ጉዳይ የመያዣው ነገር ነው። ባለሙያዎች ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ሞኬቱን በማስቲሽ ከወለሉ ጋር ያጣብቁታል። ሲያዩት የሚያምር፣ ያልተሸበሸበ ይሆናል፤ ግን አይነሣም። ለደጋው የሚሻለው ማስቲሹን በጎንና በጉብታው ላይ ብቻ ተጠቅሞ፣ የወለሉን ቁራጭ ለብቻው ቆርጦ ዳሩን ጠልፎ በቁልፍ መያዝ ነው። መስከረም ሲጠባ ቁልፉ ተፈትቶ፣ ምንጣፉና መደላድሉ ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ፤ የበሮቹ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይጠረጋሉ፤ ወለሉ በእጅ ተዳስሶ እርጥብ የሆነበት ቦታ ካለ ውሃው የገባበት ይፈለጋል። ምንጣፉ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።